ቀለም እንቢ የሚል ፕላስቲክ፦ እስካሁን የደረስኩበት

በስክሪን (ቀለም በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ እያሳለፋችሁ) የምታትሙ ወዳጆች አዘውትራችሁ የምትጠይቁት ስለ ቀለም ነው፤ «ፕላስቲክ ላይ የማይለቅ ቀለም የቱ ነው?» እኔም ወደ ክዳንና ወደ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ህትመት ስገባ ጥያቄዬ ይኸው ነበር። አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው ፕላስቲኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ ላዩ ላይ ምን እንዳለበት፤ የቀለሙ ተራ ሦስተኛ ነው። ከዚህ በታች ቀለም እንዲይዝ የፕላስቲኩን ገጽ ለአፍታ ስለሚዳስሰው ነበልባል አብዝቼ የምናገረው አሁን የማተኩረው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ዓይነቱን መለየት ብዙ አያደክምም። ከዕቃው ግርጌ ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2 እና 4 ፖሊኢትሊንን፣ 5 ደግሞ ፖሊፕሮፒሊንን ያመለክታሉ። ራስ ምታት የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። 3 የተጻፈበት ፒቪሲና 6 የተጻፈበት ፖሊስታይሪን ብዙም አያስቸግሩም፤ የቀለሙ ማሟሟያ ላያቸውን በጥቂቱ ስለሚያለሰልሰው ቀለሙ ገብቶ ይይዛል። ምልክት ከሌለ ቀጭን ቁራጭ ልጬ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ እጨምራለሁ። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀልሉ ይንሳፈፋሉ፤ ሌሎቹ በአብዛኛው ይሰምጣሉ። ፍጹም ፈተና አይደለም፤ የማዕድን ዱቄት በብዛት የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ሊሰምጥ ይችላል፣ አረፋማ ፖሊስታይሪንም ይንሳፈፋል። ለእኔ ሥራ ግን ይበቃል።

ሁለቱ ለምን እንቢ ይላሉ? ሰንሰለታቸው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ በመሆኑ ቀለም የሚጨብጠው ነገር የለውም። የፓራፊን ሻማና ፖሊኢትሊን በኬሚስትሪ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዋናው ልዩነታቸው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ቀለም አምራቾችን መውቀስ ተውኩ። በቁጥር ስንናገረው የፖሊፕሮፒሊን የገጽ ጉልበት (ገጹ ፈሳሽን ወደ ራሱ የሚስብበት ኃይል፣ በዳይን የሚለካ) ወደ 30 ዳይን በሴንቲሜትር፣ የፖሊኢትሊን ወደ 31፣ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት የፒኢቲ ግን ከ40 በላይ ነው። የውሃ የገጽ ውጥረት (ፈሳሹ ራሱን ወደ ጠብታ የሚሰበስብበት ኃይል) ደግሞ 72 ገደማ ይሆናል። ፈሳሽ ተዘርግቶ የሚያርፈው የራሱ ውጥረት ከሚያርፍበት ገጽ ጉልበት ሲያንስ ነው። በሙያው የቆዩ ሰዎች ገጹ ከቀለሙ በ10 ዳይን ያህል እንዲበልጥ ይመክራሉ። በማሟሟያ ለሚሠራ ቀለም ከ38 እስከ 40 የሚባለው፣ በውሃ ለሚሠራው ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ነበልባልም ሆነ ኮሮና (በከፍተኛ ቮልቴጅ በአየር ውስጥ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ) ወይም ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተነቃ ጋዝ)፣ መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ በገጹ ላይኛ ጥቂት ናኖሜትሮች ውስጥ ያሉትን ሰንሰለቶች ሰብረው ኦክስጅን ያስገባሉ፤ ገጹን ማከም የሚባለው ይህ ነው። ቀለሙ የሚጨብጠውን ነገር ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ንብርብሩ እጅግ ቀጭን በመሆኑ በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይዳሰስም። እንዲያውም በጣት መዳሰስ እሱን ማበላሸት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ጽዳት ይመጣል፤ በቆሻሻ ላይ የተደረገ ሕክምና የሚያክመው ቆሻሻውን ነው። እኔ የምጠቀመው አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር የማይለቁ ሁለት ጨርቆች ነው፤ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ። በአንድ አቅጣጫ ጠርጌ አልኮሉ ራሱ ከመትነኑ በፊት በደረቁ አነሳዋለሁ፤ በራሱ ከደረቀ ያሟሟውን ቅባት መልሶ እዚያው ይተወዋል። አሴቶን አያስፈልግም፤ ፖሊፕሮፒሊንን ብዙ ባይጎዳውም ፖሊስታይሪንንና ኤቢኤስ የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ያሟሟል፣ በሥራ ቦታ ላይ ደግሞ ጠርሙስ ይሳሳታል። ከሁሉ የከፋው ሲሊኮን ነው። ዕቃው ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚረጨው ሲሊኮን በአልኮል ሲጠረግ ከመነሳት ይልቅ ወደ ጎን ይሰራጫል። በእኔ ክፍል ውስጥ የሲሊኮን ርጭት ክልክል ነው፣ ለበር ማጠፊያም ቢሆን።

አሁን ወደ ነበልባሉ። የምጠቀመው ተራ የፕሮፔን ማቃጠያ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰማያዊና አየር የጠገበ ነበልባል ነው። አንድ እጅ ፕሮፔን ተሟልቶ እንዲቃጠል በይዘት ወደ 24 እጅ አየር ይፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ አየሩ ከዚያ ትንሽ ቢተርፍ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚያክመው የተረፈው ኦክስጅን ነው። ቢጫ ጫፍ ከታየ ጥላሸት እየተቀባ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ርቀት። በነበልባሉ ውስጥ ያለው ደማቅ ሾጣጣ ጫፍ ዕቃውን መንካት የለበትም፤ ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ወጣ ብሎ ያለው ክፍል ነው የሚሠራው። ሦስተኛው ፍጥነት ነው፤ ንክኪው ከሰከንድ ክፍልፋይ ማለፍ የለበትም። ገጹ ካብረቀረቀ፣ ከለሰለሰ ወይም ጠርዙ ከተጣመመ አልፏል። በትክክል ሲሠራ የሚታየው ነገር ቢኖር ቀዝቃዛው ዕቃ ላይ ለአፍታ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ የእንፋሎት ጭጋግ ብቻ ነው፤ ከቃጠሎው የወጣ ውሃ ነው።

ዋናው መሻሻል የመጣው እጄን ከሥራው ሳስወጣ ነው። ማቃጠያውን ይዞ ዕቃው ላይ ማወዛወዝ አንዱን ክዳን ሦስት ዓይነት ያደርገዋል፤ መሐሉ በቂ፣ ጠርዙ ብዙ፣ ማዶው ምንም። አሁን ማቃጠያው በብረት መያዣ ታስሯል፤ ክዳኑ በሚዞር ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ በፊቱ ያልፋል። ርቀቱ በቁራጭ ብረት ይለካል፣ ፍጥነቱ በሞተሩ ይወሰናል። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እሳት አይለኮስም፤ ጠርሙሱና የተነከሩት ጨርቆች ከክፍሉ ይወጣሉ፣ እሳት ማጥፊያው በእጅ ርቀት ይቆማል። ስስ ከረጢትና ፊልም ላይ ይህን አትሞክሩት፤ ይኮማተራል፣ ሊነድም ይችላል።

መለኪያዬ ሁለት ነው። አንደኛው የተጣራ ውሃ፤ ባልታከመ ፖሊፕሮፒሊን ላይ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቆማል፣ በታከመው ላይ ጎኑ ዝቅ ብሎ ይዘረጋል። ነጻ ነው፣ ምንም አያበላሽም፣ ያልታከመ ቦታ ካለም ወዲያው ያሳያል። ሁለተኛው የገጽ ውጥረቱ የታወቀ ፈሳሽ የያዘ ዳይን ብዕር ነው። የ38ቱ ብዕር መስመር ለሁለት ሰከንድ ሳይሰበሰብ ከቆየ ገጹ ቢያንስ 38 ነው ይባላል፤ ከዚያ ወደ 40፣ ወደ 42 ይኬዳል። በብዙዎቹ ብዕሮች ውስጥ ያለው ፎርማማይድ መርዛማ ስለሆነ ጓንትና የተከፈተ መስኮት አይቀሬ ናቸው። የተለካውን ቁራጭ አላትምበትም።

ይህን ጽሑፍ ያስነሳኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ብዕሩ ከፍተኛ ቁጥር አሳይቶ ቀለሙ ግን በተለጣፊ ፕላስተር ሲሳብ ቆዳ እንደሚላጥ የሚነሳበት ጊዜ አለ። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ነበልባሉን ይጨምራሉ፤ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ መቀነስ ነው። ሕክምናው ሲበዛ ሰንሰለቶቹ ተቆራርጠው አጫጭር፣ ኦክስጅን የበዛባቸው ስብርባሪዎች ይሆናሉ። እነዚህ ፈሳሽን ይወዳሉ፣ ስለዚህ ብዕሩ ይደሰታል። ከታችኛው ፕላስቲክ ጋር ግን በደንብ አልተያያዙም። ቀለሙ እነሱን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲሳብ አብረው ይመጣሉ። ብዕሩ የሚነግረን ቀለሙ መዘርጋቱን ነው፤ መያዙን አይናገርም።

መለየት ይቻላል። ስብርባሪዎቹ ውሃ ስለሚያነሳቸው የታከመውን ቁራጭ ለካሁት፣ በተጣራ ውሃ በራሰ ንጹህ ጨርቅ ጠረግሁት፣ አድርቄ እንደገና ለካሁት። ቁጥሩ በጣም ከወረደ ሕክምናው በዝቶ ነበር ማለት ነው፤ ባለበት ከቆየ ወይም ጥቂት ብቻ ከቀነሰ ደህና ነው። ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ የሰሌዳውን ፍጥነት የምመርጠው ከፍተኛውን ቁጥር በሚሰጠኝ ቦታ ሳይሆን ከጠረጋ በኋላ ቁጥሩ በማይወርድበት ቦታ ነው።

የታከመ ገጽ አይጠብቅም። ለማንሸራተቻ ተብለው ከፕላስቲኩ ጋር የሚቀላቀሉ ቅባታማ ነገሮች ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥናቸዋል። እኔ ባከምኩበት ቀን አትማለሁ። ፊልም የሚያትም ወዳጄ ከፋብሪካ ታክሞ የመጣውን ጥቅል እንኳ ማሽኑ ላይ በኮሮና በትንሹ ያድሰዋል። የእሱ ስሌት ያስደስተኛል፤ የመሣሪያው ዋት ለስፋቱና ለፍጥነቱ ብዜት ይካፈላል። 2000 ዋት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ በደቂቃ 100 ሜትር ቢሆን ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 20 ዋት-ደቂቃ ይደርሰዋል። ማሽኑ ሲፈጥን ዋቱ አብሮ ካልጨመረ ሕክምናው ይሳሳል። ኮሮና ኦዞን ስለሚያመነጭ የጭስ ማውጫ የሌለው መሣሪያ አጠገብ መቆም አይገባም።

ለጥቂት ዕቃ ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ትታችሁ ለፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ክሎሪን ያለበት ማያያዣ ቅብ ተጠቀሙ። እጅግ በስሱ ይቀባል፤ ሲወፍር ራሱ ከመሐል ይሰነጠቃል። ሽታው ይከብዳል፣ ለሥራው ግን ይታመናል።

የመጨረሻው ፈራጅ ፕላስተር ነው፤ እሱም በጊዜው ሲሆን። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለቀናት መጠንከሩን ይቀጥላል። ስለዚህ በማግስቱ እፈትናለሁ፣ ሳምንት ሲሞላውም እደግማለሁ። በስለት 1 ሚሊሜትር እየተራራቁ የሚሻገሩ መስመሮች አስምሬ ፕላስተሩን ተጭኜ በአንድ ጊዜ እስበዋለሁ። ያልታከመ ዕቃ ሁልጊዜ ጎን ለጎን አትማለሁ፤ እሱም ካለፈ ፈተናዬ ደካማ ነው ማለት ነው። አሁን የምሠራው በሙቅ ውሃና በሳሙና ከታጠበ በኋላ ያለውን ፈተና ነው። በደረቁ ካለፉት ክዳኖች አንዳንዶቹ ታጥበው ሲመጡ ጠርዛቸው ላይ ቀለም እየለቀቁ ነው፤ ሁሉም በአንድ በኩል ስለሆነ የምጠረጥረው ሰሌዳው ዘንበል ማለቱን ነው። ሚዛኑን አስተካክዬ ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ።