«አንቺ» የምትል አንዲት ቃል

የመጀመሪያ አጭር ልቦለዴ 22 ገጽ ነበር። ሁለት ወር ኪራይ ያልከፈለ ወጣትና በሩ ላይ የቆሙ አከራይ፣ በቃ። ስጨርስ ደራሲ ሆንኩ ብዬ ለታላቅ እህቴ ሰጠኋት። አንብባ «ሁሉም የሚያወሩት እንዳንተ ነው» አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ ማን እንደተናገረ ከድምፁ ብቻ ይለያል። እኔ የሱ ድምፅ የለኝም፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው። የኔዋ አከራይ ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «ክፍያውን በወቅቱ አለመፈጸምህ በእጅጉ አሳዝኖኛል።» ማህተም ብቻ ነው የጎደለው! ሰርዤ «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ነገ ነው?» አልኩ። አሁን ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆሙ።

ቀጥሎ «አለ»ና «አሉ» አስቸገሩኝ። አንድ ገጽ ላይ 14 ጊዜ። «ሲል መለሰ»፣ «በማለት ተናገረች» ብዬ ብቀይረው ዜና ሆኖ አረፈው። ለካ ግሱ ራሱ ይናገራል።

«መቼ መጣሽ?»
«አሁን። አንተስ፣ በላህ?»

ወንድና ሴት ሲያወሩ ማን ምን እንዳለ ለመንገር ምንም አያስፈልግም። ሁለት ወንዶች ሲሆኑ ግን ይህ አይሠራም። ያኔ ለአንዱ ክብሪት ወይም ስኒ አስይዘዋለሁ።

ትልቁን ነገር ያገኘሁት ጠቡ ላይ ነው። ወጣቱ ሲናደድ ደሙን አፍልቼ፣ ዓይኑን አቅልቼ፣ ጥርሱን አፋጭቼ አምስት መስመር ጽፌ ነበር። ሁሉንም አወጣሁት። በምትኩ እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ሲላቸው የነበረው ልጅ፦

«አንቺ ሴትዮ፣ በሩን ልቀቂ!»

እህቴ እዚህ ጋ ስትደርስ «እንዴ!» ብላ ወረቀቱን አስቀመጠች። ግን ወዲያው ያዘችኝ። ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ገና ሳይጣሉ፣ በኔ ዝርክርክነት «ቆዪ ልንገርሽ» ብሏቸዋል። ያቺ አንድ ስህተት የኋላውን ስድብ ግማሽ አቅሙን በላችው። ስለዚህ ዛሬ ከታሪኩ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ እጽፋለሁ፦ አንተ፣ አንቱ፣ እማማ፣ ጋሼ። ተራኪውንም አልረሳም። እሱ እስከ መጨረሻው «እሳቸው» ካላለ ልጁ የደፈረው ነገር አይታይም።

የቀረኝ የሴትዮዋ መልስ ነበር። በመጀመሪያው ጽሑፍ አስለቅሻቸው ነበር፤ ሲያለቅሱ አላመንኳቸውም። ሁለት ሳምንት ቆይቼ አንድ ማታ መጣልኝ። እማማ ከበሩ ዞር ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፦

«ይለፉ ጌታው። ቤቱም የእርስዎ ነው።»