ብር የተጫነበት የኪቶሳን ፊልም በባዮፊልም ላይ፦ እስካሁን የያዝነው አካሄድ

ለቁስል መሸፈኛ የታሰበውን የኪቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚገኝ ፖሊመር) ፊልም መሥራት ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያስቸግረው በላዩ የሚያድገውን ባዮፊልም፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ገጽ ላይ ተጣብቀው የሚሠሩትን ሽፋን፣ መለካቱ ስለሆነ እዚያ ላይ ሰፋ አድርገን እንጽፋለን።

2 ግራም ኪቶሳን በ100 ሚሊ ሊትር 1% አሴቲክ አሲድ ውስጥ ሲማሰል ያድራል። ያልሟሟው ተጣርቶ ይወጣና 20 ሚሊ ሊትሩ 9 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፔትሪ ዲሽ ላይ ፈስሶ በ40 ዲግሪ ይደርቃል። የደረቀው ፊልም በ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 30 ደቂቃ ይነከራል፤ ከዚያ የማጠቢያው ውሃ ፒኤች ወደ 7 እስኪጠጋ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ይህን እጥበት በችኮላ አትለፉት። ፊልሙ ውስጥ የቀረ አሲድ ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ራሱ ባክቴሪያ ስለሚገድል፣ ብር ያልተጫነበት ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) ሳይቀር የሠራ ይመስላል።

ፊልሙ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ክቦች ተቆርጦ በ70% ኢታኖል ይመክናል፤ በመከነ ውሃ ይለቀለቃል። ቀጥሎ ብሩን ለመጫን በ1 ሚሊ ሞላር ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ 1 ሰዓት ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ማለቅለቂያው የተጣራ የመከነ ውሃ ብቻ ይሁን፤ ፒቢኤስ (ፒኤች የሚያረጋ የጨው ውሃ) ከሆነ ክሎራይዱ ነፃውን ብር ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል። በእርግጥ ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ፣ ብሮዙም፣ ክሎራይድና ፕሮቲን አለው፤ ቁስል ውስጥም ፊልሙን የሚጠብቀው ይኸው ነው። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ብቻ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ያሳየ ብር ገና ምንም አላረጋገጠም።

ባክቴሪያው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ፣ በኤቲሲሲ (የባክቴሪያ ክምችት) ቁጥሩ 35984 የሆነው ዝርያ ነው፤ ባዮፊልም አጥብቆ ይሠራል። ባዮፊልም የማይሠራው ዝርያ 12228 ለማነጻጸር ጎን ለጎን ይገባል። ያደረው ካልቸር 1% ግሉኮስ ባለው ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ 1 ለ100 ተበርዞ፣ 24 ጉድጓድ ባለው ፕሌት ክብ በተቀመጠበት በየጉድጓዱ 1 ሚሊ ሊትር ተጨምሮ በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት ይቆያል። ክቡ ከተንሳፈፈ አንድ ገጹ ደረቅ ሆኖ ያድራልና የመከነ የማይዝግ ብረት ቀለበት ጫኑበት።

በማግስቱ ክቡን ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ ወደ አዲስ ፕሌት አዛውሩት። የጉድጓዱ ግድግዳም ባዮፊልም ስለሚይዝ፣ እዚያው ከተለካ የምትቆጥሩት የፕላስቲኩን ነው። እጥበቱ 3 ጊዜ ነው፤ ፒቢኤሱ በግድግዳው በኩል ቀስ ብሎ ይውረድ። የፒፔቱ ጫፍ ወደ ክቡ መሃል ከዞረ ባዮፊልሙ ተልጦ ይሄዳል፤ እኛም በእጃችን ያጠብነውን ፊልሙ ከለከለው ብለን እንመዘግባለን።

ባዮፊልምን በማቅለም የሚለካው ክሪስታል ቫዮሌት ለባዶ ፕላስቲክ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ፊልም ግን አንመክረውም። ፊልሙ ራሱ ቀለም ይመጥጣል፣ ቀለሙን ለማውጣት የሚጨመረው 33% አሴቲክ አሲድ ኪቶሳኑን አብሮ ያሟሟዋል፣ በዚያ ላይ ቀለሙ የሞተውን ሴል ከሕያው አይለይም። ኮሎኒ (ከሕያው ሴል ተባዝቶ በዓይን የሚታይ ክምር) መቁጠር ያደክማል እንጂ እውነቱን ይናገራል።

ለዚህም ክቡ 1 ሚሊ ሊትር ፒቢኤስ ውስጥ ገብቶ በሶኒኬተር መታጠቢያ 5 ደቂቃ፣ በቮርቴክስ 1 ደቂቃ ይናወጣል። ፒቢኤሱ ላይ 0.1% ሶዲየም ታይዮግላይኮሌት ጨምሩ፤ አለዚያ ከክቡ የወጣው ብር አጋሩ (ኮሎኒው የሚበቅልበት ጄል) ላይም መግደሉን ይቀጥላል። ታይዮግላይኮሌቱም ሆነ ሶኒኬተሩ ባክቴሪያውን እንደማይጎዱ፣ ቁጥሩ በታወቀ ካልቸር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ በ10 እጥፍ እያበረዛችሁ ከየእርከኑ 100 ማይክሮ ሊትር አጋር ላይ ዘርጉ፤ የሚቆጠረው ከ30 እስከ 300 ኮሎኒ ያለበት ፕሌት ነው።

ለስሌቱ ምሳሌ፦ ብር የሌለው ክብ 10,000 ጊዜ በተበረዘው ላይ 45 ኮሎኒ ካሳየ፣ 45 × 10,000 ÷ 0.1 = 4,500,000 በክብ ይሆናል። ባለብሩ 10 ጊዜ በተበረዘው ላይ 45 ካሳየ 4,500 ነው። ልዩነቱ 3 ሎግ (1,000 እጥፍ)፣ ማለትም 99.9% ቅናሽ ነው። ትልቅ ቢመስልም 4,500 ሕያው ሴል እንደገና ለመሸፈን ይበቃልና ክቡን በአዲስ ብሮዝ እስከ 72 ሰዓት ሳታዩ አትደምድሙ። ገጹ ላይ የቀሩ የሞቱ ሴሎች ለአዲስ መጤዎች መቆሚያ ይሆናሉ።

ቀጣዩ እርከን ሙከራውን ሴረም በተጨመረበት ብሮዝ መድገምና ኤል929 በተባሉ የአይጥ ሴሎች ላይ ፊልሙ የሚያደርሰውን ጉዳት መለካት ነው። በአይኤስኦ 10993-5 (የሕክምና ቁሶች መርዛማነት መመዘኛ ደረጃ) መሠረት የሴሎቹ ሕያውነት ከ30% በላይ ከቀነሰ ቁሱ መርዛማ ይባላል፤ ያኔ ሲልቨር ናይትሬቱን ከ1 ሚሊ ሞላር ወደ 0.5 እናወርድና ቆጠራውን ከመጀመሪያው እንደግማለን።