ከበረዶ ሸሽቼ

ከሦስት ቀን በፊት የመኪናዬን መስታወት ከበረዶ እየፋቅኩ ነበር። ዛሬ በረሃ መሃል በስስ ሸሚዝ ድንጋይ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። ደስ ሲል!

በረሃ ለጂኦሎጂስት ገነት ነው። ሣር የለ፣ ዛፍ የለ፣ አለቱ ራቁቱን ቆሞ ይጠብቅሃል። ጠዋት ያገኘነው የአሸዋ ድንጋይ ላይ ያጋደሉት ንብርብሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የጥንት የአሸዋ ክምር ነው። ያጋደሉት ነፋሱ ይሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ኮምፓስ ይዤ የስንት ሚሊዮን ዓመት ነፋስ ስለካ ዋልኩ ማለት ነው። (ሁለቴ ተሳስቼ እንደገና ለክቻለሁ።)

ከብርድ አመለጥኩ ብዬ ግን ወፍራሙን ጃኬት ትቼው መጣሁ። ደመና የለ፣ እርጥበት የለ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ሙቀቱ ወደ ሰማይ እብስ አለ። ይህን የምጽፈው ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ሆኜ ነው። ጥርሴ እየተንገጫገጨ።