ከቦሌ እስከ ደለስ፦ መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወዳጆቼ ወላጆቻቸውን ለማስመጣት ትኬት ሲቆርጡ አስቀድመው የሚጠይቁት በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነው። በቦሌና በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ ከደለስ ወደ ቦሌ ያለ ማረፍ 13 ሰዓት ገደማ የሚወስደው ጉዞ፣ ከቦሌ ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ስለሚታረፍ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይደርሳል።

ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በሳሳ አየር ደግሞ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ 3,800 ሜትር በሚረዝም ማኮብኮቢያ ላይ እንኳ ሰውን፣ ሻንጣንና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅን ሙሉ በሙሉ ጭኖ መነሣት አስቸጋሪ ነው። ደለስ ግን ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በታች ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን ታንኩን ሞልቶ ይወጣል። በዚህ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገታዋል።

ነዳጅ ለመቅዳት ለዓመታት ያገለገለችው የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን መንገዱን እምብዛም አታስረዝምም። አጭሩ መስመር በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ የሚወጣ ሲሆን፣ በደብሊን መዞር የሚጨምረው ርቀት ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እንደ መሄድ ያህል ብቻ ነው። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሣቱ ነው። እርግጥ ነው፣ አብራሪዎች ሁልጊዜ አጭሩን መስመር አይከተሉም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ሲነሣና የአገሪቱ ሰማይ ሲዘጋ ብዙ በረራዎች ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ ተገደዋል።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓትም ያሳስታል፤ መነሻውም መድረሻውም የተጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነውና። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። እንበልና በሐምሌ ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥተው በማግስቱ በዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቢደርሱ፣ ልዩነቱ ለዓይን 10 ሰዓት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን 17 ነው። ትኬቱ ላይ "10፡00 ፒ ኤም" የሚለውን እናትዎ ከቀኑ 10 ሰዓት ብለው እንዳይረዱትም ይጠንቀቁ፤ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ቦሌ መድረስ ለማንም አይመከርም፣ ለአረጋዊ ደግሞ ፈጽሞ።

መሐል ላይ አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲቆም መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ከወንበሩ አይወርድም። ይህን ለወላጆችዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። በአንድ ጉዞዬ አጠገቤ የነበሩ እናት ጎማው መሬት እንደ ነካ ነጠላቸውን አደግድገው፣ የእጅ ሻንጣቸውን አቅፈው ለመውረድ ተነሥተው ነበር፤ ገና አትላንቲክ ይቀራቸው እንደ ነበር ያስረዳቸው ከአስተናጋጇ ይልቅ በወንበሩ ጀርባ ያለው ካርታ ነው።