ሌሊቱን ሙሉ ያላረፈው ማጣሪያ

ከድሬዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኝ አንድ የግል ዓሣ እርባታ የውሃ ሥርዓቱን የምከታተል ባለሙያ ነኝ። እርባታው እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዙ አራት ክብ ገንዳዎች ሲኖሩት፣ የምናረባው ቆሮሶ ነው። የጉድጓድ ውሃ በየቀኑ እየቀዱ መድፋት በድሬዳዋ ምድር የማይታሰብ በመሆኑ ያንኑ ውሃ እያጣራን መልሰን እንጠቀማለን። ከገንዳዎቹ ሥር የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ድረም ፊልተር ወደሚባለው ተሽከርካሪ ማጣሪያ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፓምፑ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ፓምፑም ባክቴሪያዎች የሟሟውን ቆሻሻ በሚያጣሩበት ባዮፊልተር አሳልፎ ወደ ገንዳዎቹ ይመልሰዋል። ይህን ማጣሪያ ስንመርጥ የሠራሁት ስህተት በአንድ የሰኔ ሌሊት 380 ዓሣ አስከፍሎናል።

የማጣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ዙሪያውን በወንፊት የተለበጠ ከበሮ በውሃ ውስጥ በከፊል ተነክሮ ይቀመጣል። ቆሻሻው ውሃ በከበሮው ውስጥ ገብቶ በወንፊቱ በኩል ሲወጣ፣ የዓሣው ኩስና የተረፈው መኖ በውስጥ በኩል ተለጥፎ ይቀራል። ወንፊቱ እየተደፈነ ሲሄድ በውጭ በኩል ያለው የንጹሕ ውሃ ከፍታ ይቀንሳል፤ ይህን ሴንሰሩ ሲያውቅ ከበሮው ይዞራል፣ ከላይ የተደረደሩት ኖዝሎችም (ውሃ መርጫ አፎች) ከንጹሑ ውሃ እየወሰዱ ወንፊቱን በግፊት ያጥቡታል። የታጠበው ዝቃጭ በከበሮው መሐል ባለ አሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ውጭ ይፈሳል። ጥቂት ሰከንድ ከታጠበ በኋላ ከበሮው ያርፋል። ሁሉም ነገር የተመሠረተው በዚህ ዕረፍት ላይ ነው።

ማጣሪያውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። የሻጩ ወረቀት «በሰዓት እስከ 60 ሜትር ኩብ» ይል ነበር፤ የአራቱ ገንዳዎች ውሃም በድምሩ 60 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ እንዲዞር እንፈልግ ስለነበር ቁጥሩ ልክክ ብሎ የተገጠመ መሰለኝ። ወንፊቱን በተመለከተ ደግሞ ቀዳዳው የ70 እና የ40 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) የሆነ ምርጫ ቀርቦልን፣ ጠላ የሚጠለልበት ጨርቅ በደቀቀ መጠን ጠላው ይጠራል በሚል ሐሳብ የ40ውን ወሰድኩ። «እስከ 60» የተባለው ውሃ ምን ያህል ቆሻሻ ተሸክሞ፣ በየትኛው ወንፊት ሲያልፍ እንደተለካ አልጠየቅሁም። ዓሣ ከሚበላው ከእያንዳንዱ ኪሎ መኖ ሩብ ኪሎ ያህሉ በደረቅ ክብደት ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል። እኛ በቀን 24 ኪሎ መኖ እየሰጠን ስለነበር ወንፊቱ በየቀኑ ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ ቆሻሻ መያዝ ነበረበት። ማጣሪያ ሲገዛ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የገንዳው ስፋት ሳይሆን ይህ የመኖ መጠን ነው፤ ያኔ ግን እኔ የያዝኩት የገንዳውን ስፋት ብቻ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ታየ፤ ባለቤቱም ሥራዬን አመሰገኑ። ከዚያ በኋላ ከበሮው በየጊዜው ይበልጥ መዞር ጀመረ። የሌሊት ጠባቂያችን በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ከማሽኑ ጎን ወንበራቸውን አድርገው ስለሚያድሩ ድምፁን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አንድ ጠዋት «ልጄ፣ ይሄ ከበሮ ሌሊቱን ሙሉ አላረፈም» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ መኖ ስለጨመርን ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው» ብዬ አለፍኳቸው። በሳምንቱ ደገሙልኝ፤ ያኔም ክዳኑን ከፍቼ አላየሁም። ይህንን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በሰኔ አጋማሽ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ስደርስ ከበሮው ያለማቋረጥ ይዞር ነበር፤ ከኖዝሎቹ የሚወጣው ውሃ ግን እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ መምታቱ ቀርቶ በጎን በጎን እንደ ክር ይወርዳል። ወንፊቱ ሳይታጠብ ይዞራል፤ የማጠቢያው ውሃም ቆሻሻውን ሳያነሳ በአሸንዳው ወደ ውጭ ይፈሳል። ከገንዳ የሚመጣው ውሃ በተደፈነው ወንፊት ማለፍ ስላቃተው፣ ያለውንም ማጠቢያው ወደ ውጭ ስለጨረሰው የፓምፑ ጉድጓድ ደርቆ ነበር፤ ፓምፑ አየር እየሳበ ያጉረመርማል። በገንዳዎቹ ውስጥ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የዚያን የብዙ አፍ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ዓሣ ድምፅ የለውም አይልም።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ በ28 ዲግሪ ሙቀት የኛ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊግራም አይሞላም። በአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ዓሣ ባለበት ገንዳ ይህ ክምችት የውሃው ዙረት ከቆመ አንድ ሰዓት እንኳ አያቆይም። ያለን የአየር መንፊያ ትንሽ ስለነበረ ጊዜ አራዘመልን እንጂ አላዳነንም። ወንፊቱን ከከበሮው ላይ ፈትተን ውሃው ሳይጣራ በቀጥታ እንዲያልፍ አደረግን፤ ከጉድጓድም ውሃ ለቀቅን። ጎህ ሲቀድ የሞቱትን መቁጠር ጀመርን።

ጠዋት ላይ በከተማው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቧንቧ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አስመጣን። ኖዝሉን ፈትተው መዳፋቸው ላይ አራገፉት፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ስባሪ ወደቀ። በድሬ ወግ ባለቤቱንም እኔንም «አንተ» እያሉ፣ «አቦ፣ ቤትህ ያለውን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይተኸው አታውቅም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ ማንቆርቆሪያን፣ የሻወር ራስንና ቧንቧን ነጭ ያደርጋል፤ ይህን የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቃል። ያንኑ ውሃ በቀጭን ቀዳዳ በግፊት ስንረጨው የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ሙቀቱም ጠብታውን ያደርቀዋል፤ ኖራው እዚያው ይጋገራል። ወንፊቱን ወደ ፀሐይ አንስቼ ባየሁት ጊዜ ከውሃው በላይ የሚቆየው ክፍል ብርሃን አያሳልፍም ነበር። የ40 ማይክሮን ቀዳዳ ለመጥበብ ብዙ ኖራ አያስፈልገውም፤ የመኖው ቅባት ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ይዘጋል።

ባለቤቱ በንዴት «ታዲያ አሲድ ጨምረን ኖራውን ከውሃው እናጥፋው» አሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ ተከራከርኳቸው፤ ዛሬም እከራከራለሁ። ድረም ፊልተር የሚይዘው ጠጣሩን ብቻ ነው፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት በባዮፊልተሩ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱም ለእያንዳንዱ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 7 ግራም ያህል አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቀውን ከኖራው የሚገኝ ነገር፣ ይበላሉ። በሌላ አገር ለዚህ ሲባል ቤኪንግ ሶዳ እየተገዛ ይጨመራል፤ ለእኛ ግን የድሬዳዋ ውሃ በነፃ ይዞት ይመጣል። ኖዝሉን የደፈነው ኖራ ባክቴሪያዎቹን የሚያኖር ስለሆነ መታከም ያለበት ማጣሪያው እንጂ ውሃው አይደለም።

ሁለተኛውን ማጣሪያ ስንገዛ ለሻጩ የላክነው የመኖውን መጠንና ከጉድጓዱ የተቀዳውን ውሃ የምርመራ ውጤት ነበር፤ በዚያ የቆሻሻ መጠን በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያሳልፍም በጽሑፍ ጠየቅን። ወንፊቱ 70 ማይክሮን፣ የከበሮው ስፋትም ከፊተኛው እጥፍ ገደማ ሆነ። በዋጋ ከብዶናል፤ ነገር ግን ሰፊ ወንፊት ብዙ ያርፋል፣ ብዙ ያረፈ ደግሞ ኖራ የሚያስይዘው ርጭት ያነሰ ነው። ኖዝሎቹ ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈቱ መሆናቸውን ከማየታችን በፊት ክፍያ አልፈጸምንም። ወንፊቱ ቢደፈን እንኳ ውሃው ከላይ ተርፎ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ጉድጓድ የሚወርድበት ማሳለፊያ አሠራን፤ ዓሣ የቆሸሸ ውሃ ለአንድ ሌሊት ይታገሣል፣ የቆመ ውሃ ግን አይታገሥም። አየር መንፊያውንም በትልቅ ተክተን በተለየ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ አደረግነው።

ኖዝሎቹን በየሁለት ሳምንቱ ፈትተን በአቼቶ እንዘፈዝፋቸዋለን። ወንፊቱን ደግሞ በወር አንድ ጊዜ አውጥተን ከገንዳዎቹ ራቅ ባለ ቦታ በሲትሪክ አሲድ እናጥበዋለን፤ አሲዱ ወደ ሥርዓቱ እንዳይገባም በብዙ ውሃ እናለቀልቀዋለን።

ጠባቂው አባት አሁን ከወንበራቸው ጎን ደብተር አላቸው፤ ከበሮው በሰዓት ስንት ጊዜ እንደዞረ በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ ይጽፋሉ፤ እኔም ጠዋት ከምንም በፊት እሱን አነባለሁ። ባለፈው ሰኞ 6 ነበር፤ ሐሙስ ሌሊት 9 ጽፈው ከሥሩ አስምረውበታል። የሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ገና ቢሆንም ኖዝሎቹን ፈታን፤ ከዳር ሦስተኛው እስከ ግማሹ ተደፍኖ ነበር።