የዓመት ዕረፍቴን በቃል እየጠየቅኩ ያጣሁት

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሙያዬ ሂሳብ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ታክሲ እሰለፋለሁ፤ ቤቴ የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። እራት ከተበላ በኋላ ደግሞ የሦስት ሱቆችን ሂሳብ እሠራ ነበር። ልጄን በሥራ ቀን የማያት ተኝታ ብቻ ነው።

በ2015 መጨረሻ ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልቤ ያለምክንያት ይመታል። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ተመረመርኩ፣ ልቤ ደህና ነው ተባለ። «አንቺ የሚያስፈልግሽ ዕረፍት ነው» አለኝ። ያን ቀን በቃኝ አልኩ።

የሱቆቹን ሂሳብ ለሌላ ሰው አስረከብኩ። ገቢዬ ቀነሰ፣ ለሁለት ወር ከበደኝ፣ ከዚያ ለመድኩት። የመሥሪያ ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን አጠፋሁት። እሁድ እሁድ ፎቃችን ላይ ካሉት እማማ ጋር እስከ በረካ ቁጭ ብዬ ቡና መጠጣት ጀመርኩ። ድሮ አቦሉን ቀምሼ ነበር የምሮጠው።

ይኼ ሁሉ ቀላል ነበር። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የዓመት ዕረፍቱ ነገር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። እኔ የተቀጠርኩት በ2012 ነው። የ2013ቱን 16 ቀን አንድም አልነካሁትም። ሳልጠይቅ ቀርቼ ግን አይደለም። ሰኔ ላይ ጠየቅኩ፤ «የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው» አለኝ አለቃዬ። ሐምሌ ላይ ጠየቅኩ፤ «ግብሩ እስከ ጥቅምት 30 ነው፣ ትንሽ ታገሺ» አለኝ። ኅዳር ላይ ኦዲተሮች መጡ። ከዚያ ውጭ ደግሞ ወር በገባ ቁጥር የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ አለ። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ነበሩ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ እሺ ብዬ የተመለስኩት። የሂሳብ ሠራተኛ ባዶ ወር እንደሌላት ለመረዳት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ጥር 2016 ላይ ቆርጬ ሰው ሀብት ክፍል ገባሁ። ኃላፊው ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረገና «እህቴ፣ የ2013ቱ ተቃጥሏል» አለኝ። ዕረፍት ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም አለ። ያስተላለፋችሁት እናንተ ናችሁ ብዬ ጮህኩ። «የጠየቅሽበት ደብዳቤ የታለ?»

ደብዳቤ አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ በቃል ነበር የጠየቅኩት፣ ያውም አለቃዬ ፊቱ ፈካ ያለበትን ቀን እየመረጥኩ።

በሰውየው ተናድጃለሁ፣ ዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም። ሕጉ የሁለት ዓመት ገደብ ያስቀመጠው አሠሪው ዕረፍቱን ያለመጨረሻ እንዳይገፋው ነው። እሱ ግን እኔኑ መቅጫ አደረገው። በራሴ ግን የባሰ ተናድጃለሁ። መከራከር ስችል ፈራሁ። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ለቀሪዎቹ ቀናት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በሁለት ኮፒ። መዝገብ ቤት «መጀመሪያ አለቃሽ ይምራበት» አሉኝ። አለቃዬ «መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይግባ» አለኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን መዝገብ ቤቷ ልጅ ፊት ቆሜ ማልቀስ ቃጣኝ። እሷም አይታኝ ኮፒዬ ላይ የገቢ ማኅተም መታችበት፣ ቁጥርና ቀን ጻፈችበት። ያቺን ልጅ አልረሳትም።

የካቲት ላይ 10 ቀን ተፈቀደልኝ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ሂሳብ የምንሠራበት የፒችትሪ ሶፍትዌር የይለፍ ቃል ጠፍቷቸዋል። ነገርኳቸው። ከዚያ አንድ ሪፖርት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ሁለት ቀን ሙሉ አልጋዬ ላይ ላፕቶፕ ታቅፌ ሠራሁ። ልጄ በር ላይ ቆማ «ዕረፍት ነሽ አላልሽም?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ስለዚህ ምክሬን ልናገር። ሰው ሀብት ሁሌም «መጀመሪያ ከአለቃችሁ ጋር በቃል ተነጋገሩ» ይላል። እኔ መጀመሪያ ጻፉ እላለሁ። ማኅተም ያለበትን ኮፒ ካስቀመጣችሁ በኋላ በደንብ ተነጋገሩ። ዕረፍቱን በገንዘብ እንቀይርላችሁ ቢሏችሁ እንዳትቀበሉ፤ ሥራ ላይ እያላችሁ ሕጉም አይፈቅድም። አዋጁ በሠራተኛው ጥያቄና በአሠሪው ስምምነት ለሁለት ከፍሎ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ብዙ ሰውም ይህን ይመክራል። እኔ አልስማማም። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ሰውነቴ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር፤ በ11 ሰዓት ራሴ እየነቃሁ ጣሪያ አያለሁ። ዕረፍት የሚባለው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ላይ ውሰዱት። የይለፍ ቃሉን፣ ያላለቀውን ሥራ፣ የፋይሎቹን ቦታ በጽሑፍ አስረክቡና የሥራ ሲማችሁን አውጡ።

በ2017 እንደዚህ አደረግኩ። ሲሙን ቡና ረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አምስተኛው ቀን ላይ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኛሁ። የቀሰቀሰችኝ ልጄ ናት፣ ቁርስ ሠርታ።