ባጃጄ ላይ ቆጣሪ ገጠምኩ

ጅማ ላይ ባጃጅ ስነዳ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ከሁሉም የሚያደክመኝ የኮንትራት ክርክር ነበር። ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ስንት? እኔ ከፍ አድርጌ እጠራለሁ፣ ተሳፋሪው ግማሹን ይላል፣ መሃል ላይ እንገናኛለን። ሁለታችንም የተበላን ይመስለናል። ሲሰለቸኝ ሁለተኛ እጅ የታክሲ ቆጣሪ ገዛሁ። ለኮንትራት ብቻ ነው፤ የመስመሩ ሂሳብ በታሪፍ የተቆረጠ ስለሆነ እሱን አይነካም።

መግጠሙ ቀላል ነበር። ባለሙያው መብራት ከ12 ቮልቱ ባትሪ ሳበለት፣ የጎማውን ዙር የሚያነበውን ሴንሰር አሰረ፣ ፊውዝ ጨመረ፤ በግማሽ ቀን አለቀ።

ጉዱ በሳምንቱ መጣ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጫንኩ። ስንደርስ ስልኩን አሳየኝ። «ብሮ፣ ያንተ 5 ተኩል ይላል፣ የኔ ግን 5 ኪሎ ሜትር ነው።» አፈርኩ። ለካ ቆጣሪው ርቀት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚቆጥረው ዙር ነው፤ ስንት ዙር አንድ ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ሰው ነው የሚሞላለት። የኔው የመጣው የሌላ መኪና ጎማ ተሞልቶለት ነው። በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ የአጋሮ መንገድ ገና ጭር እንዳለ፣ ስልኬን ይዤ ሦስቴ ተመላለስኩና አስተካከልኩት። ጎማ እያለቀ ሲሄድ ዙሪያው ስለሚጠብ ለአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ ቆጣሪውም ይጨምራል። ስለዚህ ጎማ በቀየርኩ ቁጥር እንደገና እለካለሁ።

ከዚህ የባሰው የመቆሚያ ሂሳብ ነው። ስቆም ማሽኑ በደቂቃ ይቆጥራል። አንድ ቀን ዝናብ ወርዶ አንዲት እናት ፋርማሲ ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ቁጥሩን አይተው፣ «ልጄ፣ ቆመህ ምኑን ነው የምትቆጥረው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑን ማን ገዛው?»

መልስ አጣሁ፣ የመቆሚያውን ተውኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳላስነሳ እናገራለሁ፦ መነሻው ይሄ፣ ኪሎ ሜትሩ ይሄ፣ መጠበቅ ይሄ። ያልተስማማው ይወርዳል፣ ብዙው ግን ይስማማል።

ገቢዬ ጨመረ ወይ? ብዙም። ጉሮሮዬ ግን አርፏል። ተራ ላይ ያሉት ልጆች ስሜን ትተው «ቆጣሪው» ይሉኛል፤ ሁለቱ ግን የት እንደገዛሁት ጠይቀውኛል።

ጅሬን ላይ ግን አልሆነልኝም። እዚያ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም ዳገት ነው። ቆጣሪው ዳገትን አያይም፣ ሞተሩ ነዳጁን ይጠጣዋል። ስለዚህ «ጅሬን» የሚል ሰው ሲመጣ ማሽኑን አጠፋና፣ «እሺ፣ ስንት ትከፍላለህ?» እላለሁ።